ኮምፒውተር ላይ የጠፋባችሁን ፋይል በስሙም በይዘቱም ፈልጎ ማግኛ፦ ደረጃ በደረጃ

«እዚሁ ነበር እኮ ያስቀመጥኩት!» ስንት ሰው ሲለኝ ሰምቻለሁ። እኔም ብያለሁ። አንዴ የኪራይ ውል ፍለጋ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስዳክር አመሸሁና ፋይሉ «ስካን 0047» በሚል ስም ዓይኔ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። እኔ «ውል» እያልኩ እጽፋለሁ፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ውል የሚባል ስም አያውቅም።

ፍለጋ የሚከሽፈው በአብዛኛው እንዲህ ነው። ፋይሉ አለ፤ የተፈለገው ግን በሌለበት ቦታ፣ ባልተሰጠው ስም ወይም በሌላ ፊደል ነው። ከታች ያለው ቅደም ተከተል ለዊንዶውስ 10 እና 11 ነው። ማክ የምትጠቀሙ ደረጃ 1ን እና ደረጃ 5ን አንብቡና ወደ ደረጃ 10 እለፉ። የሜኑዎቹን ስም ስክሪኑ ላይ በእንግሊዝኛ እንደሚነበቡት በእኛ ፊደል ጽፌዋለሁ።

## ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ወረቀት ያዙ

አትሳቁ። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ ሰው ሁሉ የሚዘለውም ይሄንኑ ነው። እነዚህን ጻፉ፦

1. ዓይነቱን። ዎርድ ነው፣ ፒዲኤፍ፣ ኤክሴል ወይስ ፎቶ? ካላወቃችሁ የጠረጠራችሁትን ሁሉ ጻፉ።
2. የመጣበትን መንገድ። ራሳችሁ ጻፋችሁት? በቴሌግራም ተላከላችሁ? ከኢሜይል አወረዳችሁት? ከፍላሽ ገለበጣችሁት?
3. ለመጨረሻ ጊዜ የነካችሁበትን ጊዜ። ቀኑ ባይታወሳችሁም «አሮጌው ላፕቶፕ ከመበላሸቱ በፊት» የሚል ምልክት ይበቃል።
4. ውስጡ በእርግጠኝነት ያለ አንድ ብርቅ ቃል ወይም ቁጥር። «ሪፖርት» ብርቅ አይደለም፤ ግማሹ ፋይላችሁ ውስጥ አለ። የደብዳቤ ቁጥር፣ የስልክ ቁጥር፣ ያልተለመደ የአባት ስም ግን ፋይሉን ለብቻው ነጥሎ ያወጣል።

ማስጠንቀቂያ፦ ፋይሉ ተሰርዞ ይሆናል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ምንም ነገር አታውርዱ፤ ፕሮግራምም አትጫኑ። የሪሳይክል ቢንን ብቻ አይታችሁ በቀጥታ ወደ ደረጃ 11 ሂዱ። የተሰረዘው ፋይል በነበረበት ቦታ ላይ አዲስ ነገር ከተጻፈበት መመለሻ የለውም።

## ደረጃ 2፦ ቅርብ ቅርቡን አዳርሱ

1. ፋይሉን የሠራችሁበትን ፕሮግራም ክፈቱ። ለምሳሌ ዎርድ ላይ «ፋይል»፣ ከዚያ «ኦፕን»፣ ከዚያ «ሪሰንት» በሉ። በቅርቡ የከፈታችኋቸው ፋይሎች ከነአድራሻቸው ይዘረዘራሉ። ግማሹ ፍለጋ እዚህ ያልቃል።
2. ሴቭ ሳይደረግ ተዘግቶ ከሆነ ዎርድ ላይ «ፋይል»፣ «ኢንፎ»፣ «ማኔጅ ዶክመንት»፣ «ሪከቨር አንሴቭድ ዶክመንትስ» በሉ። ዋስትና የለውም፤ ግን ስንቱን ሰው አድኗል።
3. «ዳውንሎድስ» ፎልደርን ክፈቱና በቀን ደርድሩት። በስም ተደርድሮ ከሆነ ዓይናችሁ ያልፈዋል።
4. ዳውንሎድስ ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» የሚል ፎልደር እዩ። ኮምፒውተር ላይ ያለው ቴሌግራም ፋይል ሲያወርድ ካልነካችሁት በቀር እዚህ ነው የሚከተው። ብዙ ሰው መኖሩን እንኳ አያውቅም።
5. ሪሳይክል ቢንን ክፈቱና በተሰረዘበት ቀን ደርድሩት። ካገኛችሁት ራይት ክሊክ፣ ከዚያ «ሪስቶር»። ወደ ድሮ ቦታው ይመለሳል።

የኢሜይል ጣጣ፦ የተላከላችሁን ፋይል ሳታወርዱ ከኢሜይል ፕሮግራሙ ላይ በቀጥታ ከፍታችሁ አርማችሁ ሴቭ ካላችሁት፣ የታረመው ቅጂ አንድ ድብቅ ጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል። በ«ሪሰንት» በኩል ከፍቶ ካሳያችሁ አንድ ቃል ሳትነኩ «ሴቭ አዝ» ብላችሁ ወደምታውቁት ቦታ አውጡት። ጊዜያዊ ፎልደር ሳይነግራችሁ ይጸዳል።

## ደረጃ 3፦ የተደበቀውን ግለጡ

ዊንዶውስ 11 ላይ ፋይል ኤክስፕሎረርን (ፎልደሮች የሚከፈቱበትን መስኮት) ክፈቱ፤ «ቪው»፣ ከዚያ «ሾው» በሉ። «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» እና «ሂድን አይተምስ» የሚሉት ላይ ምልክት አድርጉ። ዊንዶውስ 10 ላይ ሁለቱም «ቪው» የሚለው መደብ ላይ አሉ።

አንደኛው ከፋይሉ ስም ጀርባ ያለውን የዓይነት መለያ ያሳያል። ሁለተኛው የተደበቁ ፎልደሮችን ያወጣል። በቫይረስ ምክንያት ፍላሽ «ባዶ» ሲሆንባችሁ ፋይሎቹ ብዙ ጊዜ እዚያው ተደብቀው ነው ያሉት።

ተጠንቀቁ፦ የዓይነት መለያው መታየት ከጀመረ በኋላ ስም ስትቀይሩ ከነጥቡ በኋላ ያለውን አትንኩ። ካጠፋችሁት ፋይሉ በምን እንደሚከፈት ዊንዶውስ ግራ ይገባዋል። ተሳስታችሁ ከሆነ ወዲያው ኮንትሮል እና ዜድ ተጫኑ።

## ደረጃ 4፦ በስም ፈልጉ

የስታርት ሜኑ ፍለጋን ለዚህ ሥራ አልወደውም። ፕሮግራሙንም፣ ኢንተርኔቱንም፣ ፋይሉንም ቀላቅሎ ያመጣል። በፋይል ኤክስፕሎረር ሥሩ።

1. የዊንዶውስ ቁልፍን ከኢ ጋር ተጫኑ። ፋይል ኤክስፕሎረር ይከፈታል።
2. የምትቆሙበትን ፎልደር ምረጡ። ዋናው ነገር ይሄ ነው። ፍለጋው የሚያየው የቆማችሁበትን ፎልደርና ከሥሩ ያሉትን ብቻ ነው፤ ወደ ላይ አይወጣም፣ ወደ ጎንም አይሄድም። ዶክመንትስ ውስጥ ቆማችሁ ዳውንሎድስ ውስጥ ያለውን ብትፈልጉ ምንም ጠብ አይልም።
3. ኮንትሮል እና ኤፍ ተጫኑ። ቀኝ ጫፍ ላይ ያለው የፍለጋ ሳጥን ውስጥ ትገባላችሁ።
4. አንድ ቃል ብቻ ጻፉ። ቃል በጨመራችሁ ቁጥር የሚገኘው እየቀነሰ ነው የሚሄደው፤ ሁሉም ቃላት መገኘት አለባቸውና።
5. ጠብቁ። ላይ የሚታየው የሂደት መስመር እስኪሞላ ድረስ ፍለጋው አላለቀም። በሰከንድ ውስጥ «የለም» ብሎ መዝጋት የተለመደ ስህተት ነው።
6. ሲገኝ ራይት ክሊክ አድርጉና «ኦፕን ፋይል ሎኬሽን» በሉ። ከፍቶ ማየት ብቻ አይበቃም፤ የት እንዳለ ካላያችሁ ነገም ትፈልጉታላችሁ።

ካልተገኘ፦ በግራ በኩል «ዚስ ፒሲ» ላይ ቁሙና ድገሙት። ሁሉንም ዲስክ ስለሚያስስ ይዘገያል።

ኮከብና የጥያቄ ምልክት። ዊንዶውስ የጻፋችሁትን ቃል በአብዛኛው የሚያዛምደው ከቃል መጀመሪያ ጋር ነው። መሀል ላይ ያለን ለማግኘት ኮከብ ጨምሩ። `*ውል*` ብትሉ «ውል»፣ «የውል»፣ «በውል» ሁሉ ይመጣሉ። የጥያቄ ምልክት ደግሞ በአንድ ፊደል ቦታ ይቆማል። ቀጣዩ ደረጃ ላይ ይጠቅመናል።

## ደረጃ 5፦ የአማርኛ ወጥመድ

የእንግሊዝኛ መመሪያ አንብባችሁ ሁሉንም በትክክል አድርጋችሁ ፋይሉ እንቢ ያለው፣ እዚህ ሳይሆን አይቀርም።

አንደኛ፦ አንድ ድምፅ፣ ብዙ ፊደል። ለእኛ ጆሮ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃ አንድ ናቸው። ለኮምፒውተሩ ስድስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። አ፣ ኣ፣ ዐ እና ዓ አራት ናቸው። ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀም እንደዚሁ። «ፀሐይ» የምትለዋን ትንሽ ቃል ብቻ ውሰዱ። ሁለቱን የመጀመሪያ ፊደል አማራጮች ከስድስቱ ሁለተኛ ፊደሎች ጋር ብታጣምሩ 12 ዓይነት አጻጻፍ ይወጣል። እናንተ አንዱን ትጽፋላችሁ፤ ፋይሉን የሰየመው ሰው ሌላውን። ራሳችሁ የሰየማችሁትም ቢሆን ያን ቀን በየትኛው እንደጻፋችሁ አታስታውሱም።

መላው እንዲህ ነው፦

1. አሻሚ ፊደል የሌለበት ቃል ምረጡ። «የሥራ ልምድ» ከሆነ «ሥራ»ን ተዉት፤ «ልምድ» ብላችሁ ፈልጉ። «ሥራ» እና «ስራ» ጣጣ አላቸው፤ «ልምድ» የለውም።
2. ስም ስትፈልጉ አሻሚው ፊደል ቦታ ላይ የጥያቄ ምልክት አስገቡ። `*?መት*` ብትሉ «ዓመት»ም «አመት»ም ይመጣል። `*ጽ?ፍ*` ደግሞ «ጽሑፍ»ን እና «ጽሁፍ»ን ያመጣል። እያንዳንዱ ፊደላችን እንደ አንድ ቁምፊ ስለሚቆጠር በደንብ ይሠራል።
3. ያ ካልሆነ አጻጻፉን እየቀያየራችሁ ሞክሩ። «ደመወዝ» እና «ደሞዝ»፣ «ኋላ» እና «ሁዋላ»፣ «ኮምፒውተር» እና «ኮምፒዩተር»። አሰልቺ ነው፤ ግን ይሠራል።

ሁለተኛ፦ ከቃል ፊት የሚለጠፉት። በ፣ ለ፣ የ፣ ከ፣ ስለ ከቃሉ ጋር ተጣብቀው ይጻፋሉ። ፋይሉ ውስጥ ያለው «በውል መሠረት» ከሆነና እናንተ «ውል» ብላችሁ ከፈለጋችሁ፣ ዊንዶውስ ያንን ቃል በ«በ» የሚጀምር አድርጎ ነው የሚያውቀው። በስም ፍለጋ ላይ ኮከቡ ያድናችኋል። በይዘት ፍለጋ ላይ ግን ከቃሉ ፊት የሚገባ ኮከብን አትመኑት። እዚያ ላይ «የውል»፣ «በውሉ»፣ «ውሉን» እያላችሁ ለየብቻ ፈልጉ፤ ወይም ሰነዱ ውስጥ ምንም ሳይለጠፍበት የሚገኝ ቃል ያዙ።

ሦስተኛ፦ ቁጥር ወዳጃችሁ ነው። ቁጥር ሀ እና ሐ የለውም። የደብዳቤ ቁጥር ወይም የገንዘብ መጠን ከታወሳችሁ ከቃል ሁሉ እሱን አስቀድሙ። ብቻ በነጠላ ሰረዝም ያለዚያም ሞክሩ፤ 25,000 እና 25000 ለኮምፒውተሩ አንድ አይደሉም።

አራተኛ፦ የድሮ ፊደል። የግዕዝ ፊደላት ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት መለያ ሥርዓት) ውስጥ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመት፣ አማርኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የእኛን ቅርጽ በሚስሉ ፎንቶች ነበር። እንዲህ ያለ ሰነድ ለዓይን አማርኛ ነው፤ ውስጡ ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ነው። ዛሬ በምትጽፉበት አማርኛ ብትፈልጉት ዕድሜ ልካችሁን አታገኙትም።

ለማረጋገጥ ከዚያ ዘመን ሰነድ አንድ ዓረፍተ ነገር ኮፒ አድርጉና ኖትፓድ ላይ ፔስት አድርጉት። ዝብርቅርቅ ከሆነ ታወቀ። መፍትሔው በዚያው ፎንት ከተጻፈ ሌላ ሰነድ ላይ የምትፈልጉትን ቃል ኮፒ አድርጎ የፍለጋ ሳጥኑ ውስጥ መለጠፍ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ትርጉም የለሽ ሆኖ ይታያል፤ አትደንግጡ። ብዙ ጊዜ ይሠራል፣ ሁልጊዜ ግን አይደለም፤ ከፊደላቱ አንዳንዶቹ በሥርዓተ ነጥብ ቦታ ስለሚቀመጡ ቃሉ ሊቆራረጥ ይችላል።

## ደረጃ 6፦ ስሙ ጨርሶ ካልታወሰ

ስሙን ተዉት። ወረቀቱ ላይ የጻፋችሁትን ዓይነትና ጊዜ አምጡ።

1. ፎልደሩ ላይ ቆማችሁ የፍለጋ ሳጥኑ ውስጥ ኮከብ፣ ነጥብ፣ ከዚያ የዓይነቱን መለያ በእንግሊዝኛ ጻፉ፤ `*.pdf` እንደማለት። የዚያ ዓይነት ፋይሎች ብቻ ይወጣሉ።
2. ውጤቱ ሲመጣ ላይ የሚታየውን «ሰርች ኦፕሽንስ» (ዊንዶውስ 10 ላይ «ሰርች» የሚለውን መደብ) ክፈቱ። «ዴት ሞዲፋይድ» ውስጥ ዛሬ፣ ትናንት፣ ያለፈው ሳምንት፣ ያለፈው ወር፣ ያለፈው ዓመት የሚሉ ምርጫዎች አሉ።
3. ጠበብ ያለ ጊዜ ከፈለጋችሁ አቀማመጡን ወደ «ዲቴይልስ» ለውጡ። «ዴት ሞዲፋይድ» የሚለው ዓምድ ራስ ላይ ማውዙን ስታሳርፉ ትንሽ ቀስት ብቅ ትላለች። ተጫኗት፤ ካሌንደር ይመጣል። ከቀን እስከ ቀን ጎትታችሁ ምረጡ።
4. እዚያው ላይ «ሳይዝ» አለ። ተራ ደብዳቤ «ስሞል» ውስጥ ይወድቃል፤ ይኼም ከ16 ኪሎባይት እስከ 1 ሜጋባይት ነው። ረጅም ቪዲዮ ከሆነ ከ128 ሜጋባይት የሚጀምረውን «ላርጅ»ን እና ከዚያ በላይ ያሉትን እዩ።

ልብ በሉ፦ «ክሪኤትድ» እና «ሞዲፋይድ» የሚሉት ቀኖች ያምታታሉ። ፋይል ከፍላሽ ስትገለብጡ «ክሪኤትድ» የተገለበጠበት ቀን ይሆናል፤ «ሞዲፋይድ» ግን የድሮው ላይ ይቀራል። ስለዚህ ትናንት የገለበጣችሁት ፋይል «ሞዲፋይድ» ላይ የሦስት ዓመት ሊሆን ይችላል። በአንዱ ካልመጣ በሌላው ሞክሩ።

## ደረጃ 7፦ በፋይሉ ውስጥ ባለው ጽሑፍ ፈልጉ

ይሄኛው ብዙዎች «አይሠራም» ብለው የተዉት ነው። ይሠራል፤ መዘጋጀት ግን አለበት።

ዊንዶውስ ስትፈልጉ እያንዳንዱን ፋይል ከፍቶ አያነብም። አስቀድሞ ያዘጋጀው ማውጫ አለው፤ ኢንዴክስ ይባላል። ማውጫው ውስጥ ያልገባ ቦታ ላይ የሚያየው ስምን ብቻ ነው። «ክላሲክ» በሚባለው የተለመደ አሠራር ደግሞ ማውጫው የሚያካትተው በዋናነት ዶክመንትስን፣ ፒክቸርስን፣ ሚዩዚክንና ዴስክቶፕን ነው። ዕቃችሁ ሁሉ ዲ ድራይቭ ላይ ከሆነ የይዘት ፍለጋ ለምን ባዶ እንደሚመልስ አሁን ገባችሁ።

ሀ. ፎልደራችሁን ማውጫው ውስጥ አስገቡ

1. ስታርትን ከፍታችሁ «ኢንዴክሲንግ ኦፕሽንስ» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ጻፉና ክፈቱት።
2. «ሞዲፋይ»ን ተጫኑ።
3. ዲ ድራይቭን ዘርጉና ሰነድ ያለባቸውን ፎልደሮች ብቻ ምረጡ። ፊልምና ጌም ያለበትን ሁሉ አትጨምሩ፤ ትርፉ ድካም ነው።
4. «ኦኬ» በሉና «ኢንዴክሲንግ ኮምፕሊት» እስኪል ጠብቁ። ብዙ ፋይል ካላችሁ ሰዓታት ይፈጃል። እየሠራችሁበት ከሆነ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ቻርጀር ላይ ሰክታችሁ ተኙ።

ሴቲንግስ ውስጥ «ኤንሃንስድ» የሚል ምርጫም አለ፤ ኮምፒውተሩን በሙሉ ያካትታል። አቅሙ ደከም ያለ ላፕቶፕ ላይ እኔ አላደርገውም።

ለ. ይዘቱም እንዲነበብ እዘዙ

1. እዚያው መስኮት ላይ «አድቫንስድ»፣ ከዚያ «ፋይል ታይፕስ» በሉ።
2. የምትፈልጉትን ዓይነት ከዝርዝሩ ምረጡ።
3. ከታች «ኢንዴክስ ፕሮፐርቲስ ኤንድ ፋይል ኮንቴንትስ» የሚለው መመረጡን አረጋግጡ። «ፕሮፐርቲስ ኦንሊ» ላይ ከሆነ ስሙን እንጂ ውስጡን አያነብም።

ሐ. ፈልጉ

ፎልደሩ ላይ ቆማችሁ ብርቁን ቃል ጻፉ። ሁለት ሦስት ቃላት ተከታትለው መምጣት ካለባቸው በእንግሊዝኛ ትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አስገቧቸው፤ `"ልምድ ያላት"` እንደማለት። ያለ ጥቅሱ አንዱ ቃል ገጽ 1፣ ሌላው ገጽ 40 ላይ ያለበት ፋይልም ይመጣባችኋል።

ፋይሉ ከተከፈተ በኋላ ኮንትሮል እና ኤፍ ብላችሁ ቃሉ ያለበትን ቦታ አግኙ። ዎርድ ውስጥ ያለው ፍለጋ ቃል መሀልም ስለሚገባ «ውል» ስትሉ «በውል» ላይም ይቆማል።

ማውጫ ለሌለው ቦታ፣ ለምሳሌ ለፍላሽ፦ ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ ሦስቱን ነጥቦች (ዊንዶውስ 10 ላይ «ቪው»ን) ተጫኑ፣ «ኦፕሽንስ»፣ ከዚያ «ሰርች» የሚለው መደብ። «ኦልዌይስ ሰርች ፋይል ኔምስ ኤንድ ኮንቴንትስ» ላይ ምልክት አድርጉ። ዚፕ የሆኑትንም ውስጣቸውን እንዲያይ ከፈለጋችሁ እዚያው ምርጫው አለ። ይሄኛው እያንዳንዱን ፋይል እየከፈተ ስለሚሄድ ቀርፋፋ ነው። ስትጨርሱ ምልክቱን አንሱ፤ አለዚያ ነገ ፍለጋው ሁሉ ይንቀረፈፍና ኮምፒውተሩን ትረግማላችሁ።

ማውጫው ከተበላሸ፦ ዓይናችሁ እያየ ያለን ፋይል «የለም» ካለ፣ «አድቫንስድ» ውስጥ «ሪቢልድ»ን ተጫኑ። ማውጫው ከዜሮ ይሠራል። ፋይላችሁ አይነካም፤ ግን እስኪያልቅ ድረስ ፍለጋው ጎዶሎ ነው። ያም ካልረዳ ስታርት ላይ «ሰርቪስስ» ብላችሁ ክፈቱና «ዊንዶውስ ሰርች» የሚለውን ፈልጋችሁ «ሪስታርት» አድርጉት።

## ደረጃ 8፦ ቃሉ እዚያ እያለ የማይገኝባቸው ፋይሎች

- ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ። ፎቶ ነው፤ ጽሑፍ የለውም። ፒዲኤፉን ክፈቱና በማውዝ አንድ መስመር ለመምረጥ ሞክሩ። ካልተመረጠ ስካን ነው። ምስልን ወደ ጽሑፍ በሚቀይር ፕሮግራም ማለፍ አለበት። ቴሰራክት የሚባለው ነፃ ፕሮግራም አማርኛን ያነባል፤ ስህተት ግን አያጣም፣ በተለይ የተጨማደደ ወረቀት ላይ።
- ተመርጦም ዝብርቅርቅ የሚሆን ፒዲኤፍ። ኖትፓድ ላይ ለጥፉት። አማርኛው ተበታትኖ ከመጣ በቃል አይገኝም። በስም፣ በቀንና በመጠን ፈልጉት።
- የይለፍ ቃል ያለው ሰነድ። ማውጫው ውስጡን ማንበብ አይችልም።
- ደመና ላይ፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ ባለ ማከማቻ ብቻ ያለ ፋይል። ዋንድራይቭ (የማይክሮሶፍት ደመና) ውስጥ ከስሙ ጎን የደመና ምልክት ካለ ስሙ ብቻ ነው ኮምፒውተሩ ላይ ያለው። ራይት ክሊክ አድርጉና «ኦልዌይስ ኪፕ ኦን ዚስ ዲቫይስ» በሉ፤ ወይም በብሮውዘር ገብታችሁ እዚያው ፈልጉ።

## ደረጃ 9፦ የዊንዶውሱ ካሰለቻችሁ

ለስም ፍለጋ «ኤቭሪቲንግ» የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ለስም ብቻ ከሆነ እኔ ሌላ አልነካም። ዲስኩ ራሱ የሚይዘውን የፋይል መዝገብ ስለሚያነብ እየጻፋችሁ እያለ ውጤቱ ይመጣል። ለአማርኛ ደግሞ ልዩ ጥቅም አለው፤ ቃሉን ከስሙ መሀልም ስለሚያዛምድ ያለ ኮከብ «ውል» ስትሉ «የውል»ም ይመጣል። ቅርጹ ኤንቲኤፍኤስ (የዊንዶውስ ዋና ዲስክ የሚቀረጽበት ዓይነት) ያልሆነ ፍላሽ ላይ ግን ፎልደሩን ራሳችሁ ካልጨመራችሁለት አያይም።

ለይዘት ከሆነ ዶክፌቸርን ሞክሩ። ነፃ ነው፤ ለመረጣችሁት ፎልደር የራሱን ማውጫ ይሠራል። ሁለቱንም ከራሳቸው ድረ ገጽ ብቻ አውርዱ። «ነፃ ሶፍትዌር» የሚያከፋፍሉ ገጾች ያልጠየቃችሁትን ነገር ሸክፈው ይልኩላችኋል።

## ደረጃ 10፦ ማክ ላይ

1. ፋይንደርን ክፈቱና ኮማንድ እና ኤፍ ተጫኑ።
2. ላይ «ዚስ ማክ» መመረጡን እዩ።
3. ቃሉን ጻፉ። ማክ ስምንም ይዘትንም አብሮ ያያል። በስም ብቻ ለማጥበብ ሲጽፉ ከሚመጣው ሐሳብ ላይ የስሙን ምረጡ።
4. በቀኝ ያለችውን የመደመር ምልክት ተጫኑ፤ ዓይነትና ቀን ጨምሩ።
5. ፋይሉ የት እንዳለ ለማየት «ቪው» ውስጥ «ሾው ፓዝ ባር» በሉ።

ያለውን ፋይል የለም ካለ ሴቲንግስ ውስጥ የስፖትላይትን (የማክን ፍለጋ) የፕራይቨሲ ዝርዝር ክፈቱ። ዲስኩን ጨምሩት፤ ከዚያ መልሳችሁ አውጡት። ማውጫው እንደ አዲስ ይሠራል።

## ደረጃ 11፦ በእውነት ተሰርዞ ከሆነ

ሺፍት እና ዲሊት ተጭናችሁ የሰረዛችሁት ወይም ከፍላሽ ላይ ያጠፋችሁት ሪሳይክል ቢን ውስጥ አይገባም። በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦

1. ፋይሉ የነበረበትን ፎልደር ራይት ክሊክ፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያ «ፕሪቪየስ ቨርዥንስ»። ቀድሞ የተቀመጠ ቅጂ ካለ እዚህ ይታያል።
2. ደመና ላይ የነበረ ከሆነ የዚያኑ አገልግሎት የቆሻሻ መጣያ ክፈቱ። ጎግል ድራይቭም የግል ዋንድራይቭም የተሰረዘን ለ30 ቀን ያቆያሉ። ቀኑን ሳታሳልፉ።
3. የላከላችሁን ሰው ጠይቁ። ቴሌግራሙ ላይ፣ ኢሜይሉ ላይ አሁንም ሊኖር ይችላል። ሰው በኩራት ይሁን በድንጋጤ ይሄን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስበው።
4. መልሶ ማግኛ ፕሮግራም የመጨረሻው ነው። በጭራሽ ፋይሉ በጠፋበት ዲስክ ላይ አትጫኑት። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ጭናችሁ ዲስኩን ወይም ፍላሹን እዚያ ሰክታችሁ ሞክሩ። ዲስካችሁ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከረው ፈጣን ዓይነት) ከሆነ ተስፋው ጠባብ ነው፤ የተሰረዘውን ቦታ ራሱ ቶሎ ያጸዳዋል።

## ደረጃ 12፦ ሲገኝ

ብዙ ጊዜ አንድ ሆኖ አይመጣም። «ውል»፣ «ውል ፋይናል»፣ «ውል ፋይናል የመጨረሻ»፣ «ውል ፋይናል 2»። ስሙን አትመኑ። «ሞዲፋይድ» ቀኑንና መጠኑን እዩ፤ ሁለቱን አዲሶች ከፍታችሁ አስተያዩ። የቀሩትን አሁኑኑ አትሰርዙ፤ «አሮጌ» የሚል ፎልደር ውስጥ ክተቷቸው።

ከዚያ ፋይሉን ሳትዘጉት ሳይሆን ከዘጋችሁት በኋላ፣ ኤፍ2 ተጫኑና ስሙን ቀይሩ። ቀኑን በዓመት፣ በወር፣ በቀን ተራ አስቀድሙት፤ 2025-03-14 እንደማለት። እንዲህ ሲሆን በስም ስትደረድሩትም በጊዜ ቅደም ተከተሉ ይሰለፋል። ከቀኑ ቀጥሎ አሻሚ ፊደል የሌለበት ቃል ጨምሩ። አንድ ቤት ወይም አንድ ቢሮ ውስጥ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ኮምፒውተር ከሆነ «ሥራ» ነው ወይስ «ስራ» የምንለው ብላችሁ ዛሬውኑ ተስማሙ።